ፀሐይ የማይወድ ጨው

እናቴ የሐሞት ጠጠሯን ልታስወጣ ሆስፒታል የገባችበት ዕለት፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራችንን እንጠብቅ ነበር። መጠበቅ የሞያሌ ሰው ዋና ሥራው ነው። ዝናብ እንጠብቃለን፣ ሎሪ እንጠብቃለን፣ የድንበሩ በር እስኪከፈት እንጠብቃለን። እኔ ግን አርባን አልፌም ቢሆን መጠበቅን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ «አሁን ይጠሯችኋል» ስትለን የነበረችውን ነርስ በዓይኔ እያሳደድኩ እቃጠላለሁ።

በዚህ መሃል ነጭ ጋውን የለበሰ አንድ ባለሙያ ባለጎማ ማሽን እየገፋ መጥቶ እፊታችን አቆመው። ማደንዘዣ የሚሰጡበት ማሽን ነው። ከጎኑ ጣሳ የሚያክል፣ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ ዕቃ ፈታና ሐምራዊ መልክ ያወጡ ጠጠሮችን ወደ ቆሻሻ ከረጢት ገለበጠ። ከዚያም የታሸገ ፕላስቲክ በርሜል ከፍቶ፣ የተከካ ምስር የሚያካክሉ ነጫጭ ጠጠሮችን ቀስ እያለ ሞላበት። ሲንኮሻኮሹ ሰማሁ። ከሃያ ዓመት ገደማ ወዲህ ያላየሁት ነገር ነው፤ ግን የትም ባየው አልስተውም። የወንድሜን ዕድል የበላው ኖራ ነው።

እናቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። እሷም ጠጠሮቹን ታያለች። እኔም ዝም አልኩ፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የቤታችን ደንብ ነበር።

ወንድሜ ጀማል ታላቄ ነው። አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ገና ጢም ሳያወጣ፣ በከብት ጫኝ ሎሪ ተሳፍሮ ሞምባሳ ወረደ። መጀመሪያ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸከመ። ቀጥሎ የመርከብ ሆድ ከሚፍቁ ሰዎች ጋር ገባ፤ እዚያ ዋና ተማረ፤ በመጨረሻም ጠላቂ ሆነ። ውኃ በአህያ ጀርባ፣ በጄሪካን በሚመጣበት ከተማ የተወለደ ልጅ ጠላቂ ሆነ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ውኃ ሻጩ አህያውን አቁሞ «ጀማል፣ እስቲ ጄሪካኔ ውስጥ ጥለቅና ቀዳዳው የት እንደሆነ ፈልግልኝ» ይለው ነበር። ጀማል ይስቃል። እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር።

የጀማል ጠባይ ከሰው የተገለበጠ ነው። ሲደሰት ይሳደባል፤ «አንቺ ደንቆሮ»፣ «አንቺ ግመል» ካለኝ ቀኑ ጥሩ ነው ማለት ነው። ሲናደድ ግን ጨዋ ይሆናል። ድምፁ ይለዝባል፣ ምርቃት ያበዛል። ያኔ ራቅ ማለት ነው የሚሻለው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ትንሽ ዓመታት አለፍ ብሎ፣ ሞባይል ስልክ ከተማችን በገባ ሰሞን፣ ጀማል ሁለት ትልልቅ ጥቁር ሣጥኖችና አንድ ነጭ የፕላስቲክ በርሜል ይዞ መጣ። ከኬንያ መሃል የሚመጣው የኢሲዮሎ መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ከሎሪ ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር በቀይ አቧራ ተለብዷል። ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ «አንቺ ግመል፣ ነይ ያዢ!» ብሎ ጮኸብኝ። በጣም ደስ እንዳለው ወዲያው ገባኝ።

ሣጥኖቹን ሰሌን ላይ ከፈታቸው። ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ የተሸበሸቡ ጥቁር ቱቦዎች፣ የሚነፉ ከረጢቶች፣ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስታወት። ሞምባሳ አጠገብ የጠላቂዎች ትምህርት ቤት የነበረው ጣሊያናዊ አሰልጣኙ ሥራውን ዘግቶ አገሩ ሲገባ የሰጠው ማሽን ነበር። እናቴ የግመል ወተት ሻይና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ማንዳዚ አቅርባልን ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ እሱም ያስረዳን ጀመር።

«ተራ ጠላቂ ትንፋሹን ሲያስወጣ አረፋ ሆኖ ይሄድበታል» አለ። «ወደ ታች በወረደ ቁጥር ደግሞ ውኃው አየሩን ይጨምቀዋል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። ይሄኛው ትንፋሽ አይጥልም። ያወጣሁት አየር በዚህ ቱቦ ዞሮ በኖራው ውስጥ ያልፋል። ኖራው የተቃጠለውን አየር ይይዝልኛል፤ ማሽኑ የጎደለችውን ኦክስጅን ጠብ ያደርግበታል፤ ያው አየር በወዲያኛው ቱቦ ተመልሶ ይመጣል።»

«የተነፈስከውን መልሰህ?» አለች እናቴ።

«አዎ እማ።»

«ሱብሃነላህ! አይሸትም?»

ጀማል እስኪያለቅስ ሳቀ። ያን ሳቅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

የመጣው ለዕረፍት አልነበረም። ሻላ ሐይቅን የሚያጠኑ ሰዎች አንድ መሣሪያ በገመድ ወደ ጥልቁ አውርደው፣ መሣሪያው ከውኃው ሥር ካለው ገደል ጋር ተጣብቆ አልወጣ ብሏቸው ነበር። ብዙ ወር የለፉበት ነገር እዚያ ውስጥ ነው። ቢጎትቱት ይበጠሳል፤ ተራ ጠላቂ ደግሞ እዚያ ድረስ ወርዶ፣ ሠርቶ፣ ቀስ ብሎ ለመመለስ የሚበቃ አየር የለውም። ጣሊያናዊው የጀማልን ስም ነገራቸው። ጀማል እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ የሌላ ጠላቂ ረዳት ነበር፤ ዕቃ አቀባይ፣ ገመድ ያዥ። «አንተ ራስህ ውረድ» ተብሎ በስሙ የተጠራበት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር። ማሽንህን፣ ጋዝህን፣ ኖራህን ይዘህ ና ብለውታል። የአጥኚዎቹ ጀልባ እስከ ዓርብ ድረስ ነው ሐይቁ ላይ የሚቆየው፤ ከዚያ ይበተናሉ።

«ገመዱን የምትይዢው ደግሞ አንቺ ነሽ» አለኝ።

እኔ! ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ከእናቴ ጋር ባቄላና በቆሎ እየሰፈርኩ የምውል፣ ከከብት መጠጫ ኩሬ የሚበልጥ ውኃ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ሴት! በረንዳው ላይ ገመድ ዘርግቶ አስተማረኝ። እሱ ከግቢው በር ሆኖ ይስባል፣ እኔ ከወዲህ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ሲስብ ደህና ነኝ፣ እንዲህ ሲስብ አውጪኝ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ውኃ ሻጩ «እህትየዋም ጠለቀች» ብሎ አለፈ። ያን ሰሞን ማንም ቢስቅ ግድ አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት ዕቃውን በእጅ ጋሪ ጭነን ወደ ድንበሩ ወረድን። በእኛ፣ በኬንያ በኩል ያለው አስካሪ፣ ጠባቂው ማለት ነው፣ ሣጥኑን ገልጦ «ሂ ኒ ኒኒ?» አለ፤ ምንድነው ማለቱ ነው። ጀማል አስረዳው፤ ሰውየው ከት ብሎ ስቆ አሳለፈን። ከማዶው፣ በኢትዮጵያ በኩል ግን አንድ ሸበቶ ፈታሽ ገጠመን። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው መጥላት አያደክምም። ወንበር ሰጠን፣ ሻይ አዘዘልን፣ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረ።

«የሆስፒታል ዕቃ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ፣ ውኃ ውስጥ መተንፈሻ ነው» አለ ጀማል።

«ውኃ ውስጥ? የጨው ቤት ሰዎች እኮ ጨው ለማውጣት ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው ነው ወደዚያ ጥቁር ሐይቅ የሚገቡት። ምንም ማሽን የላቸውም።»

«እሱ ጥልቅ አይደለም። እኔ የምወርደው ሩቅ ነው።»

«እሺ። አረፋው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«አረፋ የለውም።»

ፈታሹ መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አረፋ የለውም ትለኛለህ?»

በቃ፣ እዚያ ላይ ቆምን። ለበላዮቹ ስልክ ደወለ፤ መስመር የለም። ጀማል ይለምናል፣ እኔ እለምናለሁ። «አልከለከልኳችሁም» አለን በትሕትና። «ምን እንደሆነ እስካውቅ አላሳልፍም ነው ያልኩት። ሁለቱ አይገናኙም።» ይህን ንግግር ዛሬ ሳስበው እንኳ ጥርሴን ያንቀጫቅጨኛል።

በመጨረሻ በርሜሉ ላይ ደረሰ። የክዳኑን ማሸጊያ ቀደደና እጁን ከተተ፣ ጠጠሩን በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። ፊቱ በራ። «ይህማ ኖራ ነው። ኖራ እናውቃለን። ይህን ውሰዱት፤ ሌላው ይቆያል።» ማሽኑ እዚያ ቀረ፤ ኖራውን ይዘን ተመለስን። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል የታወቀው ኖራው ብቻ ነበር። ጀማል ክዳኑን በደንብ ገጥሞ፣ በፕላስተር ለብዶ፣ የእናቴ መጋዘን ውስጥ ጥላው ሥር አስቀመጠው።

ማክሰኞን በድንበሩ ላይ ዋልን። «ነገ» ይሉናል በአማርኛ። ዘበኛው «ቦሩ» ይለናል በኦሮምኛ። በእኛ በኩል ስንመለስ አስካሪው «ኬሾ» ብሎ ያጽናናናል። በሦስት ቋንቋ ነገ ተባልን። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል፤ በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ አልጣለም ነበርና ምድሩ አመድ ሆኗል። ጀማል አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ ሰሜኑን፣ ወደ ሻላ የሚወስደውን መንገድ እያየ ይቀመጣል። ለፈታሹ «እግዜር ይስጥልን፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ሲለው ስሰማ ከአጠገቡ ራቅ አልኩ።

አሁን እናቴን ላስተዋውቅ። እናቴ ወሎ ተወልዳ በልጅነቷ በአባቷ የንግድ ጉዞ ሞያሌ የቀረች ሴት ናት። መጋዘኗ ውስጥ ባቄላ፣ በቆሎና ማጋዶ ትሸጣለች። ማጋዶ የምንለው ከብትና ግመል የሚልሱት ጨው ነው፤ ከሐይቅ ወጥቶ ገና እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ተከትቶ ይመጣል። እንደዚያው ከተቀመጠ ጆንያውን ይበላዋል፣ ውኃ ያዣል፣ ይበላሻል። ስለዚህ የእኛ ከተማ ጨው ነጋዴ ሁሉ አንድ ደንብ አለው፤ እርጥብ ጨው ሲገባ ወዲያው ሸራ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ እያገላበጡ ማድረቅ። ማንም ሰው ይህን ለጎረቤቱም ያደርግለታል። ባለቤቱ ከሌለ ጨው እንዲበሰብስ ትቶ ማለፍ ነውር ነው።

ረቡዕ ወደ ቀትር ገደማ ማሽኑ ተለቀቀ። እንዴት እንደተለቀቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈታሹ እየሳቀ ወጥቶ «በሉ መልካም መንገድ፣ አረፋ የሌለው ወንድሜ» ብሎ ጨበጠን። ጀማል እየሮጠ ጋሪ ጠራ። «ተነሺ አንቺ ደንቆሮ! ነገ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ ነን፤ ዓርብ ጠዋት ውኃ ውስጥ ነኝ» አለኝ። ኖራውን ልንሞላበት ማሽኑን ወደ ቤት መለስነው፤ ገላዬን ታጥቤ የዒድ ቀሚሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሐይቅ ለማየት የዒድ ቀሚስ መልበስ ምን ይባላል? ግን ከተትኩት።

ጀማል ማሽኑን ሊያዘጋጅ ተቀመጠና በርሜሉን ከፈተ። ፕላስተሩ አልነበረም። እጁን ከተተ። ጠጠሩን ዘግኖ አወጣና በጣቶቹ መካከል ለቀቀው። ሰኞ ለት ፈታሹ ሲያሸው ለስላሳ፣ ርጥበት ያለው ነበር። አሁን ጠጠሩ እየተንኳኳ ወረደ፤ ነጭ አቧራውም በነፋሱ ቦነነ።

«እማ» አለ። «ይህን ማን ነካው?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ፊቷ በኩራት ያበራል። «እኔ ነኛ! ትናንት ለማየት ብከፍተው ላብ አልቦታል፣ ክዳኑ ሥር ውኃ አንጠባጥቧል። እነዚያ ሰዎች ክዳኑን ቀደው አበላሽተውብሃል። ሊበሰብስብህ ነበር ልጄ! አዲሱን ሸራ ዘርግቼ ከጠዋት እስከ ማታ አገላበጥኩልህ። ዱቄቱን እንኳ ነፍቼ አወጣሁት።»

ጀማል ቀና ብሎ አያት።

«እጅሽ ይባረክ እማ» አለ በለዘበ ድምፅ። «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። በጣም ደክመሻል።»

እናቴ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ሻይ ላፍላ ብላ ገባች።

እሷ ገና ከዓይናችን ሳትሰወር ገባኝ። ተከትዬው ጓሮ ወጣሁ። «ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«ሞቷል» አለኝ። «ኖራው የሚሠራው በርጥበቱ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ የሜዳ አየር ሲጠጣ ውሏል።»

«ውኃ እንርጨውና...»

«የቱ ጠጠር ምን ያህል እንደጠጣ በምን አውቃለሁ? እዚህ ብሳሳት እስላለሁ። እዚያ ታች ብሳሳት አትጎትቺኝም፣ ሬሳዬን ነው የምትጎትቺው።»

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያን ያህል ቀን ጠብቀን፣ በሦስት ቋንቋ ተመላልሰን፣ ማሽኑ በተለቀቀበት ቀን? ልቀበለው አልቻልኩም። «ሞክረው» አልኩት፤ «መሬት ላይ ሞክረው፣ ምናልባት ይሠራ ይሆናል።» ጭቅጭቄ ሲሰለቸው ኖራውን ሞላ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ አፉን ገጥሞ አፍንጫውን በጣቱ ያዘ። ከረጢቶቹ ይነፋሉ፣ ይሟሽሻሉ። መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ፍንክች አላለም። ይሠራል አልኩ! ትንሽ እንደቆየ ግን ትከሻው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ዳገት የሚወጣ ሰው ይመስል ትንፋሹ ፈጠነ፣ ግንባሩ በላብ ተጥለቀለቀ፣ ዓይኑ ቀላ። ከአፉ ነቅሎ ጣለውና ተንበርክኮ አየር ማገ።

መስታወቱ አሁንም ሁሉ ደህና ነው ይላል። «እሱ የሚቆጥረው ኦክስጅኑን ብቻ ነው» አለኝ ትንፋሹ ሲመለስ። «ኖራው መሞቱን የሚነግር ነገር የለውም።» ያን ሁሉ ብልሃት የሠራ ሰው ይህቺን አንዲት ነገር እንዴት ይረሳል ብዬ የማላውቀውን ፈረንጅ ረገምኩ።

ዞር ስል እናቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጀማል ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ። «ጉንፋን ይዞኛል እማ» አላት። እሷም ሻዩን አስቀመጠችና በርሜሉን አየት አድርጋ ተመለሰች።

«ለምን አትነግራትም?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

«ነግሬያት ኖራው ሊረጥብ ነው? ድንበሩ ነው ያስቀረኝ። እንዲህ ነው የምንለው። ገባሽ?»

ናይሮቢ ሄዶ ኖራ ለማምጣት ዓርብ አይደርስም። ያን ማታ ፍየል የሚጭን አንድ የጎረቤት ሎሪ ሾፌር በወሬው መሃል የሶሎሎውን የሚሲዮን ሆስፒታል ሲያነሳ ጀማል ብድግ አለ። የማደንዘዣ ማሽንም ይኸው ዓይነት ኖራ እንደሚበላ ያውቅ ነበር። ሐሙስ በማለዳ አውቶቡሳችን ወደ ሰሜን ሲሄድ እኛ በፍየል ጫኝ ሎሪ ላይ ወደ ሶሎሎ ሄድን። «ቱኤንዴ!»፣ እንሂድ፣ ብሎ ሾፌሩ በነዳው ቁጥር ጉድጓዱ አንጀታችንን ይገለብጠዋል። ቁጥቋጦው ሁሉ ከአቧራው ጋር አንድ መልክ ሆኗል። ጀማል ባዶ ጄሪካን አቅፎ ተቀምጧል። ግማሹ ከተገኘ ለአጭር ጥልቀት ይበቃኛል፣ መሣሪያውንም ምናልባት እደርስበታለሁ እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ሲስተር ደግ ሴት ነበረች። ዱቄት በለበሰ ጫማችን ላይ ሳታፈጥ አስገባችን። ካዝናዋን ከፍታ አንድ ትንሽ ዕቃ አወጣች፤ በውስጡ ነጩ ጠጠር አለ። በእጄ ስነካው ርጥብ ነው።

«ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ» አለች ሲስተሯ። «ያለኝ ይህ ነው። ሌላው በሚቀጥለው አውሮፕላን ነው የሚመጣው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ከዳበል መንደር አምጥተውልኛል፣ ምናልባት ዛሬ ማታ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። ብሰጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ጀማል ክንዴን ጨበጠኝ። «ይቅር ሲስተር» አለ። «ያን አየር የሚተነፍስ ሌላ ሰው አለ። እግዜር ያክብርልን።» አሁንም በለዘበ ድምፅ ነው የተናገረው። ስንወጣ አለቀስኩ። ለሴትየዋ አዝኜ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ ነው፣ ለሐይቁ ነው። በመንገዱ ሁሉ አላናገርኩትም። ማንን ልሳደብ? ሲስተሯን? እናቴን? ያን ሻይ ያጠጣንን ሸበቶ ሰውዬ? ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጥቶ እኔው ላይ ተቀመጠ።

ጀማል ለአጥኚዎቹ ስልክ ደወለላቸው። ዓርብ ጠዋት ገመዱን ቆርጠው ሄዱ። መሣሪያው እዚያው ገደሉ ላይ ቀረ። ጀማልም ሣጥኖቹን ቆልፎ ወደ ሞምባሳ ተመለሰ። ሌላ ሥራ ይመጣል ይል ነበር፤ የመጣው ግን እንደ ድሮው የረዳትነት ሥራ ነው። ዛሬ የሆቴል እንግዶችን ልጆች ዋና ያስተምራል። ሻላን እሱም አላየው፣ እኔም አላየሁት።

እናቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እነዚያ የድንበር ሰዎች፣ አላህ ይይላቸው» ትል ነበር። ከዚያ ተወችው። እንዲያውም ያ ሸበቶ ፈታሽ ባቄላ ሊገዛ ሲመጣ መስፈሪያውን ከላይ ቆልላ፣ ሌላ እፍኝ ጨምራ ትሰጠው ጀመር። በንዴት እጨስ ነበር። «ለሱ?» ስላት «ሰው ነው እኮ» ትለኛለች። ሌላም ነገር ለመደች። ማንም ሰው ምንም ዕቃ ይዞ ቤታችን ሲገባ፣ መድኃኒትም ይሁን ጫማ ወይም የልጆች ደብተር፣ «ይህ ፀሐይ ይወዳል?» ብላ ሳትጠይቅ አትነካውም። ልጆቼ ይስቁባታል፤ እኔም እርጅና ነው እያልኩ አልፌዋለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ አግዳሚ ወንበር ልመለስ። ባለሙያው ዕቃውን ሞልቶ ገጠመና ማሽኑን ሊገፋ ሲል እናቴ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ልጄ» አለችው፣ «ይህ ጨው ፀሐይ አልነካውም አይደል?»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። «አልነካውም እማማ፤ አሁን ነው የከፈትኩት።»

«ጎሽ። አደራ፣ ደረቅ እንዳይሆን።»

አፍጥጬ አየኋት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ታፈጪብኛለሽ? እጅሽ ይባረክ ሲለኝ ነው ያወቅሁት። የኔ ልጅ ተደስቶ መርቆኝ ያውቃል? ጉንፋን ይላል ደግሞ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ ደብቆ ሲያስታምመኝ ምን ልበለው?» አለች። ይህን እንዳለች ነርሷ መጥታ ጠራቻት። ቀለበቷን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀምጣልኝ ገባች።

ሃያ ዓመት ያህል! አንዱ ሌላውን እንዳያሳምም ሦስታችንም ያንኑ ትንፋሽ ስናዞረው ኖርን። በሩ ከተዘጋ በኋላ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እንደገና ተናደድኩ። አንዲት ቃል ብንናገር ኖሮ ኖራው አይረጥብም ነበር፤ ግን ጀማል ቤቱ መጥቶ ይስቅ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሞምባሳ ደወልኩ።

«ገባች?» አለኝ።

«ገባች።»

«ኖራው አዲስ ነው?»

«ሲከፍተው ቆሜ አይቻለሁ። እማም ጠይቃዋለች።»

«ምን ብላ?»

«ፀሐይ ነክቶታል ወይ ብላ።»

ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ጀማል? ሃሎ?» አልኩ። አልተቋረጠም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።